የአያ ክንድ

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ዘርአ ዳዊት የተፈጠረው ጨርቅ ለመለካት ይመስለኝ ነበር።

በአልዩ አምባ የዓርብ ገበያ አቡጀዴ የሚሸጠው በክንድ ነው፤ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ። የሚለካበትም ክንድ የነጋዴው አይደለም። የገዢው ነው፣ አለዚያም ገዢው ይዞት የመጣው ሰው። ስለዚህ የአንኮበር ሴቶች ቀሚስ ማሰፋት ሲያምራቸው በሰፈሩ አለ የተባለውን ረጅም ሰው ለምነው፣ ስንቁን ቋጥረውለት፣ ቁልቁለቱን ይዘውት ይወርዳሉ። እናቴ አልታየች ወንድሟን ወንፊት እንደምታውስ ለጎረቤት ታውሰው ነበር።

አያ ነበር የምለው። በራችንን ጎንበስ ሳይል አያልፍም፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ ጉልበቱን ሊነኩ ጥቂት ይቀራቸዋል። ነጋዴው ሸሪፍ ከሩቅ ሲያየው ጣቃውን መጠቅለል ይጀምራል።

«ያ አላህ! ዛሬም ይህን ሸንበቆ አመጣችሁብኝ? እናንተ ሴቶች፣ እኔ ልጆች የለኝም?»

«ምን እናድርግ ሸሪፍ፣ እግዜር የሰጠው ክንድ ነው» ይላሉ ሴቶቹ።

«እግዜር ለሱ ሲሰጥ ከኔ ጣቃ ላይ ቆርጦ ነው።»

አያ አንገቱን ሰበር አድርጎ ክርኑን ጨርቁ ላይ ያሳርፍና ይለካል። በክንዱ ያፍር ነበር። እኔ ደግሞ ከሱ ጋር በመታየቴ እኮራለሁ።

ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አያ ጠፋ። «ለሚ የሚባል አገር ሄዶ ቅኔ ይማራል» አሉኝ፤ አመንኩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በኅዳር ተመለሰ። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። አንድ ቅኔ እንዲነግረኝ ብጠይቀው «ረሳሁት» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሮ እንዴት አንድ እንኳ አይቀረውም ብዬ ገረመኝ፤ ግን ሰነፍ ተማሪ ነው ብዬ አለፍኩት። ከተመለሰ ወዲህ ገበያ አይወርድም። ሴቶቹም መጥተው አይለምኑትም።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ክፉ ቀን ከመምጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ አንኮበር እንግዳው በልቶ የሄደበት ድንኳን መስላለች፤ ለልጅ ግን ሰፊ መጫወቻ ናት። የኔ ጨዋታ መለካት ነበር። ከእናቴ እንዝርት አንድ ረጅም ፈትል ሰርቄ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ክንድ እለካበታለሁ፤ ጫፉን ክርኑ ላይ ይዤ፣ ጣቱ በሚያልቅበት ቦታ ቋጠሮ እቋጥራለሁ። የእናቴ ቋጠሮ፣ ያባቴ ቋጠሮ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ቋጠሮ። አጫጭሮቹ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የአያ ብቻ ከሁሉም ርቆ፣ ጫፉ አጠገብ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። እኔ ከጎታው ኋላ ነበርኩ፤ ማንም አላባረረኝም።

«አባትየውና እናትየው እርቁን ተቀብለው ምለዋል። ልጁ ግን እምቢ ብሏል» አሉ አንዱ።

«ምን ይሁን ነው የሚለው?» አሉ አባቴ ቄስ ገብረአማኑኤል።

«አንድ ጊዜ በዱላ ይግጠመኝ ነው የሚለው። በእኩል ዱላ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ፣ ሰው እያየ። ከዚያ በኋላ የሆነው ቢሆን እምላለሁ፣ ዳግመኛም አልፈልገውም ይላል።»

«እንዲህ ያለ እርቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አልሰማንም። ግን ሌላ በር የለም፣ አባ።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ቢያሸንፈውስ?» አለች።  «ቢሸነፍስ?» አለች። ሽማግሌዎቹ ወደ አባቴ ዞሩ።

«እንግዲህ ከቃና ዘገሊላ በኋላ ወይ እዚህ ይኖራል፣ ወይ አይኖርም» አሉ አባቴ።

እኔ የገባኝ ይህ ነው፤ ወርቅአገኘሁ የሚባል የጎረቤላ ሰው አያን ግጠመኝ ብሎታል፤ አያ ካሸነፈ ቤታችን ይቀመጣል፣ ከተሸነፈ ለሚ ተመልሶ ያንን የረሳውን ቅኔ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ማሸነፍ አለበት። ቀላል ነገር።

እውነቱን እዚሁ ልናገር፤ ማንጠልጠል አልወድም። አያ ለሚ የሄደው ሊሸሽ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥምቀት ማግስት በቃና ዘገሊላ፣ ጎበዛዝቱ በሜዳው ላይ በዱላ ምክቶሽ ሲጫወቱ ለአያ የደረሰው የወርቅአገኘሁ ወንድም ኃይለ ገብርኤል ነበር። ምክቶሽ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ይሰነዝራል፣ አንዱ ይመክታል፣ ቂም የለበትም። ኃይለ ገብርኤል ሊጠጋ ጎንበስ ብሎ ሲገባ የአያ ዱላ ከጆሮው በላይ አረፈ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። የኛ ወገን «ሳያስበው ነው» አለ። የነሱ ወገን «ያን የሚያህል ክንድ ይዞ፣ አጭር ልጅ ላይ ምን አጣደፈው?» አለ። ሁለቱም የሚናገሩት በእርግጠኝነት ነበር፣ ሁለቱም ግን አያውቁም።

አሁን ደግሞ አያ ቢያሸንፍ የወርቅአገኘሁ ውርደት በወንድሙ ደም ላይ ይደመራል። ዱላውን ጥሎ ቢቆም ንቀት ነው፤ ለሟች ወንድም ምጽዋት እንደመስጠት ይቆጠራል። ስለዚህ በደንብ ተጋጥሞ፣ በደንብ ተሸንፎ፣ በሕይወት መውጣት ነበረበት። አዋቂዎቹ ይህን በጭንቅላታቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። እኔ ፈትል ይዤ።

አያን ያሠለጠኑት አባ ወልደአረጋይ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ፣ ድሮ ወታደር የነበሩ፣ አንድ ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ። ሁልጊዜ የመንዝ ባና ደርበው፣ ከጽዶቹ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በተቀመጡበት ነበር የሚያስተምሩት። እኔም ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ጠያቂ ልጅ ነበርኩ፤ እሳቸውም ጠያቂ አይጠሉም።

«አንቺ ልጅ፣ ረጅም ሰው ለምን ከሩቅ ይመታል?»

«ስለሚደርስ።»

«እሱማ ነው። ግን ስለሚፈራም ነው። ረጅም ሰው የሚጣላው ከደጁ ላይ ቆሞ ነው፤ ሰው ቤቱ እንዲገባበት አይፈልግም። አጭር ሰው ከገባበት አለቀለት። ክንዱ ደረቱ ላይ ይጠላለፍበታል፣ ዱላውን የሚያወዛውዝበት ቦታ ያጣል። እንደ መሰላል ነው፣ ጠባብ ቤት ውስጥ መሰላል ይዘሽ ዙሪ እስቲ።»

«አጭሩስ?»

«አጭሩ ደጅ ላይ ከቆመ ሲመታ ይውላል። ስለዚህ መግባት አለበት። አንገቱን ቀብሮ፣ ዱላውን ከመሐሉ ይዞ፣ አንዷን ምት በትከሻው ተቀብሎ ጥልቅ። ለዚያ ነው አጭር ሰው ትከሻው ወፍራም የሚሆነው፤ ሲቀበል የኖረ ነው።»

«ረጅምም ወፍራምም ቢሆንስ?»

«እሱን ከበሬ ጋር አጣሉት።»

«አጭርም ቀጭንም ቢሆንስ?»

አባ ወልደአረጋይ ወደ ቤተ ልሔሙ ተመለከቱ። አባቴ በዚያ በኩል እያለፉ ነበር። «እሱ ይቀስስ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። አያ የእናቴን መቀነት ይዞ ይመጣል። አባ ወልደአረጋይ የቀኝ ክንዱን ከላይ፣ ከክርኑ ከፍ አድርገው፣ ከጎድኑ ጋር ሦስት ጊዜ ጠምጥመው ያስሩታል። ያ ሁሉ ርዝመት ወገቡ ላይ ይታሰርና ከክርን ወዲህ ያለው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አያ በአንድ ጊዜ አጭር ሰው ይሆናል። ከዚያ አንድ የቆሎ ተማሪ በሸንበቆ እየመታው ይገባበታል።

«ይግባ! ተወው ይግባ!» ይላሉ አባ ወልደአረጋይ። «ክንድህ ወዴት ይሄዳል? ያዘው! ራስህን አዙር። በትከሻህ ተቀበል። ተቀበል ነው የምልህ!»

አያ ይቀበላል። ተማሪው በገባ ቁጥር መቀነቱ ውስጥ ያለው ክንድ እንደታሰረ ጥጃ ሲሳብ አያለሁ። ጨርቁ ይወጠራል፣ ቋጠሮው ይጠብቃል፣ የአያ ፊት ግን አይለወጥም። አንድ ቀን መቀነቱ ከመሐሉ ተቀደደ፤ እናቴ ሰፋችው።

ለምን እንደሚያስሩት ስጠይቅ አባ ወልደአረጋይ «ክንዱ ከሱ ቀድሞ ስለሚሄድ» አሉኝ። እኔም አሰብኩበት። ፈረስ እግሩ ታስሮ ሰንብቶ ሲፈታ አይደል እንዴት እንደሚጋልብ? አያንም ለቃና ዘገሊላ ሊፈቱት ነው። ወርቅአገኘሁ አጭር ተዋጊ ያጋጠመኝ መስሎት ዘና ብሎ ሲገባ፣ ያ የታሰረ ክንድ ተፈትቶ ያገኘዋል። እንዴት ያለ ብልሃት! ምሥጢሩን መያዝ ጨንቆኝ ነበር የምዞረው።

አልቻልኩትም።

ከጥምቀት በፊት ባለው ዓርብ ከእናቴ ጋር አልዩ አምባ ወረድኩ። እናቴ ከሸሪፍ ጋር ስትከራከር እኔ ፈትሌን ይዤ ወደ አሞሌ ሻጮቹ ሄድኩ። እዚያ አንድ ጎልማሳ ጭነት ላይ ተደግፎ ቆሟል። ቁመቱ አጠገቡ ካለችው አህያ ብዙም አይበልጥም፤ ትከሻው ግን በር ይዘጋል። አባ ወልደአረጋይ ያሉት ዓይነት ትከሻ! እንዲህ ያለውን ሳልለካ ማለፍ አልቻልኩም።

«ክንድህን ልለካው?»

«ለምንሽ?»

«እንዲያው።»

ሳቀና እጁን ዘረጋልኝ። ለካሁ። ከእናቴ ቋጠሮ ትንሽ ያንስ ነበር።

«ይሄ የማነው?» አለ፣ ጫፉ አጠገብ ያለውን ቋጠሮ በጣቱ እየነካ።

«የአያ ዘርአ ዳዊት። አጎቴ ነው። በቃና ዘገሊላ ወርቅአገኘሁ ከሚባል የጎረቤላ ሰው ጋር ይገጥማል። ታውቀዋለህ?»

ጣቱ ቋጠሮው ላይ ቀረ። «አውቀዋለሁ» አለ።

«ክንዱ ረጅም ነው?»

«እንደኔው ነው።»

«እንግዲያው አለቀለት» አልኩት። «ለማንም ባትናገር አንድ ነገር እነግርሃለሁ።»

«ለማን እናገራለሁ?»

ነገርኩት። መቀነቱን፣ ሸንበቆውን፣ ሁሉንም። ተነሥቼ በእጄ እያሳየሁት፣ ክርኔን ከጎድኔ አጣብቄ። እሱ በጥሞና ሰማኝ፤ እንደሱ አድርጎ የሰማኝ ትልቅ ሰው አልነበረም።

«ክንዱ ከታሰረ በምን ይመታል?»

«አይመታማ! ይግባ ይሉታል። ሲገባበት ራሱን ያዞርና በትከሻው ይቀበላል። በየቀኑ ተቀበል፣ ተቀበል ነው።»

«ምት አይመልስም?»

«አሁን አይመልስም። ዋናው ቀን ነው የሚመልሰው።»

«አባ ወልደአረጋይ ይመልሳል አሉሽ?»

«እሳቸው አላሉም። እኔ ነኝ የደረስኩበት።»

 አህያዋ ጆሮዋን ስታራግፍ ትዝ ይለኛል። «ለምን አሰሩት አሉሽ?» አለ።

«ክንዱ ከሱ ቀድሞ ስለሚሄድ።»

ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ገደሉ መለሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሱን ቋጠሮ በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ አጠበቀልኝ። «ላልቶ ነበር። ይፈታብሻል» አለኝ፣ ሄደ። ስሙን አልጠየቅኩትም።

በቃና ዘገሊላ ቀን ሜዳው ላይ ሳየው ነው ያወቅኩት። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰው ክብ ሠርቶ ቆመ፤ ሽማግሌዎቹ ሁለት የወይራ ዱላ ጎን ለጎን አስተካክለው ለሁለቱ ሰጡ። ያ ትከሻ ከወዲያ በኩል ወጣ።  ብልሃታችንን ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ! አያ ሊሸነፍ ነው፣ ለሚ ሊሄድብኝ ነው፣ በኔ ምክንያት። እናቴን ልነግራት ቀና ብል ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ዝም አልኩ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ዝም አልኩ።

ተጀመረ። አያ መቀነት የለበትም፤ ክርኑ ግን እንደታሰረ ጎድኑ ላይ ተጣብቋል። ዱላውን አሳጥሮ ይዞ ቆሟል፣ ግባ እንደሚል ሰው። ወርቅአገኘሁ ግን አልገባም። ዱላውን ከጫፉ ይዞ፣ ክንዱን ሙሉ ዘርግቶ፣ ከሩቅ ቆመ። በሱ ቁመት የማይደርስበት ቦታ ላይ። ሰንዘር ያደርጋል፣ አየር ይመታል፣ ይመለሳል። ረጅሙ እንደ አጭር፣ አጭሩ እንደ ረጅም። ክብ ሠርተው ዞሩ፣ ዞሩ። ሰው መሳቅ ጀመረ።

«ዘርአ ዳዊት! ክንድህን ገበያ ላይ ረሳኸው እንዴ?»

«ወርቅአገኘሁ፣ ምነው ደጅ ጠናህ? ግባ እንጂ፣ አስገባኝ ብለህ ትጮኻለህ?»

እኔም ፈርተው ነው አልኩ። አባ ወልደአረጋይ ግን አልሳቁም። ከድንጋይ ላይ ተነሥተው ቆመዋል፤ ያን ጉልበት ይዘው መቆም ለሳቸው ቀላል አልነበረም። «ማን ነገረው?» አሉ ለራሳቸው። ከኋላቸው ተሸሸግኩ።

ያኔ ወርቅአገኘሁ ዱላውን አወረደ። ራሱን ሳይከልል፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ እርምጃ ገባ። ከሰው መሐል አንዲት ሴት «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ናቸው፣ እናቱ። ወንድሙ የገባው ልክ እንዲህ እንደነበር ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከኔ በቀር።

የአያ ክንድ ተፈታ። እንዴት እንደሄደ አላየሁትም፤ ዱላው ሲጮኽ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ አያ «እህ!» የሚል ድምፅ አወጣ፣ ከባድ ሸክም ከመሬት እንደሚያነሣ ሰው፤ የእጁ አንጓ ተጠመዘዘ፣ ዱላው በወርቅአገኘሁ ጆሮ አጠገብ አልፎ መሬቱን መታና ለሁለት ተሰብሮ ከእጁ ወደቀ። አያ ወደ ፊት ተንጋዶ፣ ክንዱ ሙሉ ተዘርግቶ፣ ባዶ እጁን ቀረ። ወርቅአገኘሁ ቀና አለ። የአያን ፊት አየ፤ አልቸኮለም። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ የተዘረጋው ክንድ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ጊዜ አሳረፈ። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነበር የጮኸው።

ወርቅአገኘሁ ዱላውን ጣለ። «በቃኝ» አለ። «ኑና አስምሉኝ።»

እኔ አለቀስኩ። አያ ተሸንፏል። እናቴም ታለቅስ ነበር፤ ግን እያለቀሰች እልልታዋን አቀለጠችው። አበደች ብዬ ደነገጥኩ።

ወጌሻ ከደብረ ብርሃን መጥቶ አጥንቱን ገጠመ፣ በቀርከሃ አሠረው። እኔ አያ ለሚ የሚሄድበትን ቀን እጠብቅ ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ማንም ስንቅ አላዘጋጀም። ተሸንፎ እንዴት እንደቀረ ባይገባኝም ጠይቄ እንዳላስታውሳቸው ፈራሁ። እሥሩ በተፈታ ቀን ፈትሌን ይዤ ቀረብኩ። አጥንቱ ተጣሞ ነበር የገጠመው፤ ክንዱ አጥሯል፣ ጣቶቹም እስከ መጨረሻው አይዘረጉም። ለካሁት። ከእናቴ ቋጠሮ አለፈ፣ ካባቴ ግን አልደረሰም።

«ስንት ሆንኩ?» አለኝ።

«እንደ ቄስ።»

ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ክፉ ቀን አያን ወሰደው፣ ብዙ ሰው እንደወሰደ፤ ስለሱ የተለየ የምለው የለኝም። ወርቅአገኘሁ ግን ተረፈ። ከተጋጠሙ ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ ተዝካር ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያኔ በገበያ አንተ ያልኩትን ሰው አሁን አንቱ እለዋለሁ፤ ጢማቸው ሸብቷል።

«ፈትሉን አሁንም ይዘሽ ትዞሪያለሽ?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩትን ነገር እንዲያው እንደ ጨዋታ አነሡት። «ያን ቀን ባልነግርዎ ኖሮ የአያ ክንድ አይሰበርም ነበር» አልኳቸው።

«አንቺ ባትነግሪኝ» አሉ ቁራሽ እየጠቀለሉ፣ «እገባ ነበር። ወንድሜ እንደገባው ሳይሆን፣ አጭር ሰው እንደሚገባው። ትከሻውን ሲሰጠኝ አናቱን ነበር የምመታው። አጎትሽ ክንዱን አስሮ ቆሞ ነበር እኮ። አልስተውም።»

አባ ወልደአረጋይ ያን ሁሉ ቀን «ተቀበል» ያሉት ለሞት ኖሯል። ሽማግሌው ስለ አካልና ስለ ርቀት ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ያላወቁት ያ ጎልማሳ ምን ያህል እንደተናደደ ነው።

«ታዲያ ለምን ራስዎን ሰጡት?»

«አንቺ ነሻ። ክንዱ ከሱ ቀድሞ ይሄዳል አልሽኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ነበር ማወቅ የምፈልገው። ሰው ሁሉ ይምላል፣ ማን ያውቃል? ወንድሜ እንደሆነው ልሁንና ልየው አልኩ።»

«ምን አዩ?»

 «ክንዱ መጣ። ዓይኑ ገና አልመጣም ነበር። ከዚያ ዓይኑ ደረሰበት። ሲደርስበት አየሁት። ሊመልሰው እንዴት እንደታገለ… በወንድሜ ጊዜ ዓይኑ አልደረሰም። በቃ። ይህ ነው።»

«ካዩ ታዲያ ለምን ሰበሩት?»

«ሰው ሁሉ እያየ ባዶ እጄን ቤቴ ልግባ? እናቴን ምን ልበላት?» ቁራሹን ጎረሱ። «ደግሞ ያንን ክንድ ፈልጌው ነበር። ሰውየውን አይደለም፤ ክንዱን።»

የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እሱም የሆነው ክንዱ በተሰበረበት ዓመት፣ በሁዳዴ መጨረሻ፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ ነው። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቤታችን ደጅ ላይ መጥተው ቆሙ። ከኃይለ ገብርኤል ሞት ጀምሮ ያልተለወጠ ጥቁር ለብሰዋል። እናቴ እጇን ሳታብስ ከጓዳ ወጣች።

«አልታየች» አሉ፣ «ለፋሲካ ቀሚስ ላሰፋ ነው። ወንድምሽን አውሽኝ።»

 አያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ቁልቁለቱን ወረድን፤ እሳቸው ከፊት፣ አያ ከኋላቸው፣ እኔ ከመጨረሻ። መንገዱን ሙሉ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። የተጣሉ መስሎኝ በመሐላቸው ለመግባት እየሮጥኩ ነበር። አልዩ አምባ ስንደርስ ሸሪፍ ከሩቅ አየን፤ እንደ ድሮው ጣቃውን ሊጠቀልል እጁን ሰደደ፣ ከዚያ ከማን ጋር እንደመጣን አይቶ ተወው። አልቀለደም። ጨርቁን ዘረጋ።

አያ ክርኑን ሊያሳርፍ ሲል እኔ አልቻልኩም። ሴትዮዋ አላወቁም ማለት ነው! ከሰፈሩ ወንድ ሁሉ መርጠው የተበላሸ ክንድ ይዘው መጥተዋል። ቀሚሳቸውን ጎትቼ ፈትሉን አሳየኋቸው።

«እማማ፣ ይሄ ክንድ አጥሯል እኮ። እዩት፣ ድሮ እዚህ ነበር፣ አሁን እዚህ ነው። ሌላ ሰው ይሻልዎታል።»

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ፈትሉን አላዩትም። ክንዱን ነበር የሚያዩት፤ የተጣመመውን ቦታ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወደ አያ ቀና ብለው፣ «ለካ» አሉት።

አያ ለካ። አሥራ ሁለት ክንድ።  ሸሪፍ ሊቆርጥ ሲል ስንዝር ያህል ሊጨምርላቸው ጨርቁን ለቀቅ አደረገ፤ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ እጁን ይዘው መለሱት።

«ልጁ በለካው ቁረጥ» አሉ።

የፋሲካ ለት ቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሰው መጡ። ቀሚሱ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አልደረሰም፤ ከላዩ አንድ ስንዝር እግራቸው ይታያል። አንድም ሴት አልሳቀችም። በዚያ እግራቸው በሰው መሐል አልፈው፣ ከእናቴ አጠገብ ቆሙ።